ሁለት ወለተ ማርያም

የመቃብራችንን ሕግ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ ሕግ ምክንያት ተሰድቤአለሁ፣ ሰርግ ሳልጠራ ቀርቻለሁ፣ በዓል ላይ ፊት ተነሥቻለሁ፤ አንድም ቀን ቆጭቶኝ አያውቅም ነበር።

ሕጉ በካርቱም ከሚገኘው የእኛ የሐበሾች መካነ መቃብር በር ላይ፣ ቆርቆሮ ላይ ተጽፎ ተሰቅሏል። ለአንድ ሰው አንድ መቃብር። ከጉልበት የማያልፍ የብረት መስቀል። ፎቶግራፍ የለም፣ እብነ በረድ የለም፣ ማዕረግ የለም። መስቀሉ ላይ የሚጻፈው የክርስትና ስምና ያረፉበት ቀን ብቻ ነው። የዓለም ስም መዝገብ ላይ ይገባል፤ መዝገቡም እኔ ዘንድ ይቀመጣል።

ይህን ያወጣሁት ሰው ላስከፋ ብዬ አይደለም። መሬቱ ጠባብ ነው፤ የእኛ ሰው ደግሞ ሞቶም መበላለጥ አይተውም። አንዱ አባቱን «ኢንጂነር» አስብሎ በእብነ በረድ ሲያስቀምጥ፣ አጠገቡ አል-ማንሺያ፣ የሀብታሞቹ ሰፈር፣ ሰው ቤት ስታጥብ ኖራ የሞተች ልጅ ስሟ ካርቶን ላይ ተጽፎ በአንድ ዝናብ ታጥቦ ይሄዳል። ሌላው ወንድሙን «ሰማዕት» ብሎ ያስጽፋል፤ በማግስቱ የሌላ ድርጅት ሰው መጥቶ ድንጋዩን ይሰብረዋል። በቃ፣ አልኩ። ቄሱ በፍትሐት ሰዓት በሚጠራችሁ ስም ተጠሩ። «እግዜር ኢንጂነር አያውቅም» ስል የሚስቀውም ይስቅ ነበር፣ የሚቆጣውም ይቆጣ ነበር።

ለዚህ ሥራ ደመወዝ የለኝም። ኮሚቴው ስለ ድካሜ ብሎ ከኒሙ ዛፍ ሥር ሁለት ቦታ ጎን ለጎን ሰጠኝ፤ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለባለቤቴ ለየኔነሽ። «አገሬ አስገባኝ ስልህ ኒም ሥር ልታስገባኝ ነው?» እያለች ታሾፍብኝ ነበር። እኔ በሰባ ዓመተ ምሕረት ነፍሴን ይዤ በመተማ የወጣሁ ሰው ነኝ። መመለሱን መጀመሪያ ፈራሁት፤ ኋላ ደግሞ ባዶ እጄን መግባቱ አሳፈረኝ። «ጎን ለጎን እንሆናለን፣ ምን አነሰሽ?» እላታለሁ። የካርቱሙ ጦርነት ከወሰደብኝ ሁሉ በኋላ ከዚህ ዓለም የምፈልገው ያቺን ነገር ብቻ ነበር። የኔነሽን ኒሙ ሥር አምጥቼ፣ ቀኔ ሲደርስ ከጎኗ መተኛት።

ሰኔ አሥራ ሁለት ቀን ሁለት ሺህ አሥራ አምስት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሳጃና ያለው ቤታችን ጓሮ ከባድ መሣሪያ ወደቀ። የኔነሽና ሜሮን ከጉድጓድ ውኃ ሊቀዱ ወጥተው ነበር።

ሜሮን የፋናዬ ልጅ ናት። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። እናቷ አል-ማንሺያ ሰው ቤት እያደረች ስለምትሠራ፣ ልጅቷ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያደገችው እኛ ዘንድ ነው። ለእኛ እግዜር ልጅ አልሰጠንም። አማርኛዋ የተሰባበረ፣ ሳቋ ግን ሙሉ የሆነ ልጅ ነበረች። ባለቤቴን «ኻልቱ» ትላታለች፤ አክስቴ ማለቷ ነው። እኔን ደግሞ «ዐሞ ሕግ» ነበር የምትለኝ። አጎቴ ሕግ! ሌላ ሰው ቢለኝ በጥፊ ነበር የምለው።

የኔነሽን ያገኘኋት የተኛች መስላ ነው። አንዲት ፍንጣሪ፣ ከጡቷ በታች። ሌላ ምንም አልነካትም። ሜሮንን ግን የእኛው ቄስ፣ ቄስ ጥዑመልሳን፣ አዩና ፊታቸውን አዙረው «ሰፌድ አምጣ» አሉኝ። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ያገኘነው ጥቂት ነበር። ልብሶቿን ጠቅልለን፣ የትምህርት ቦርሳዋን አክለን፣ በነጠላ ገንዘን፣ ከላይ ላስቲክ ደርበን በገመድ አሠርነውና ሰው አስመሰልነው። ስንጨርስ ቄሱ ጸሎት ጀመሩ። ፋናዬ የደረሰችው በዚህ መካከል ነው። ጎረቤት ደውሎላት፣ የታጣቂዎቹን ኬላ፣ እነሱ ኢርቲካዝ የሚሉትን፣ አምስቱንም በእግሯ አልፋ፣ አንድ ጫማዋን የሆነ ቦታ ጥላ መጣች።

«ፊቷን ልየው፣ ጋሼ አምኃ።»

«የተገነዘ አይፈታም» አልኳት። «ሕግ ነው።»

እንዲህ የሚል ሕግ የለም። እዚያው ቆሜ የፈጠርኩት ነው።

«ሙሉ ናት? ምኗን ነው የመታት?»

«ሙሉ ናት። አንዲት ፍንጣሪ ናት፣ ከጡቷ በታች። ምንም አልተሠቃየችም።»

የሚስቴን ሞት ወስጄ ለሜሮን ሰጠኋት። ቄስ ጥዑመልሳን ሰሙኝና አማተቡ።

ወደ መካነ መቃብራችን የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ ነበርና ከቤታችን ጀርባ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ላይ ጎን ለጎን ቀበርናቸው። አንድ ቀን መነሣታቸው እንደማይቀር ስለማውቅ፣ ስማቸውን ወረቀት ላይ ጽፌ፣ የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ ከትቼ፣ ክዳኑን አጥብቄ በየራስጌያቸው ላኖርላቸው ተቀመጥኩ። ፋናዬ እጄን ያዘችኝ።

«ሜሮን ብለው ይጻፉልኝ። ይቺን ብቻ።»

«እግዜር ሜሮን አያውቅም» አልኳት።

በዚያ ቀን፣ ለእናቷ፣ ይህንን በአፌ ተናገርኩ። ለራሴ ሚስትም «የኔነሽ» ብዬ አልጻፍኩም። ሁለቱም የክርስትና ስማቸው ወለተ ማርያም ነው። ይሄ ብርቅ አይደለም፤ በመዝገቤ ላይ ሰባ የሚያህሉ ወለተ ማርያሞች ነበሩ። መዝገቡ ይለያቸዋል፣ ምን ቸገረኝ፣ ብዬ ሁለት ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ቃል ጻፍኩ፤ ወለተ ማርያም፣ ሰኔ ፲፪ ቀን ፳፻፲፭።

መዝገቡ ከቀብሩ በሦስተኛው ወር የኮሚቴው ቤት ሲዘረፍ ተቃጠለ። ሜዳው ላይ የተከልንላቸውን የእንጨት መስቀሎች ሰው ነቅሎ ማገዶ አደረጋቸው፤ አልፈርድበትም፣ እኔም የራሴን በር ፈልጬ ንፍሮ ቀቅዬበታለሁ። ቄስ ጥዑመልሳን በስደት ላይ ሳሉ በወባ አረፉ። ፋናዬ ገዳሪፍ ሄደች። እኔ ጀብራ አንድ ወዳጄ ትቶት በሄደው ቤት ተጠግቼ፣ የሰፌዷን ምስጢር ብቻዬን ተሸክሜ ቀረሁ።

ዘንድሮ ኅዳር ላይ ነጂብ ደወለልኝ። ነጂብ በየሜዳውና በየግቢው የተቀበረውን እያነሣ ወደ መደበኛ መቃብር የሚያዛውረው ቡድን ኃላፊ ነው፤ ትሑት፣ ዓይኑ ሁልጊዜ የቀላ ሱዳናዊ።

«ያ ዐሚ አምኃ፣ ሐሙስ ሜዳውን እናነሣለን። ዘመድ ያለው ወረጋውን፣ ወረቀቱን፣ ፈርሞ የራሱን ይወስዳል። ዘመድ የሌለው ቁጥር ተሰጥቶት ከከተማ ውጭ ከሁሉ ጋር ይቀበራል። ኢንሻላህ በአንድ ቀን እንጨርሳለን።»

ለፋናዬ የደወልኩላት እኔው ነኝ። ልጅሽ ልትነሣ ነው ሳልላት ዝም ማለት አልሆነልኝም። መጥታ እዚሁ መካነ መቃብራችን ውስጥ የምታሳርፋት መስሎኝ ነበር። እንደታሠረች ትገባለች፣ አፈር ይመለሳል፣ ማንም ምንም አያይም ብዬ ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጀብራ ደረሰች። በሁለት ዓመት ከአምስት ወር ውስጥ አሥር ዓመት አርጅታለች። በብብቷ የእንጨት ሣጥን ይዛለች፤ ውስጡን ነጭ አቡጀዲ አልብሳዋለች፣ ጠርዙን በእጇ ሰፍታዋለች።

«አፅሟን ላፈልስ ነው፣ ጋሼ። ደንቢያ፣ እናቴ እግር ሥር። ካህናቱ ፈቅደዋል፣ ዘመድ ቀን ቆርጦ እየጠበቀኝ ነው።»

«ሣጥኑ… እንደታሸገ ነው የሚቀበረው?»

«ምን ማለትዎ ነው? ዘመዶቿ እንኳ በዓይናቸው አላዩዋትም። ተከፍቶ ሳያለቅሱላት፣ ሳይሰናበቷት እንዴት ትቀበራለች?»

ተቀመጥኩ። ውኃ ሰጠችኝ፤ በእኔ ቤት እንግዳዋ እሷ ሆና ሳለ።

«ፋናዬ፣ ምን ያንገላታሻል? እዚሁ ኒሙ ሥር ትሁን። የየኔነሽን ቦታ እሰጥሻለሁ።»

«የኔነሽስ የት ልትሆን?»

«በእኔ ቦታ።»

«እርስዎስ?»

«እኔ የትም። ከተማ ውጭ በቁጥር ልቀበር። ምን አገባሽ!»

የመጮህ ልማዴን ስለምታውቅ አልተቀየመችም። ሣጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ አቡጀዲውን ትዳብስ ጀመር።

«ካርቱም በቃኝ፣ ጋሼ። ወላሂ በቃኝ። አሥራ ስምንት ዓመት የሰው ልጅ ሳሳድግ የራሴን በሳምንት አንድ ቀን ነው ያየኋት። አሁን አቅፌያት አገር ልግባ። እርስዎ ያን ቀን ‘ሙሉ ናት’ ባይሉኝ ኖሮ እኔ ዛሬ ሰው አልሆንም ነበር። ገዳሪፍ ላይ አንዱ ልጁን በማዳበሪያ ከረጢት ለቅሞ እንደቀበረ ሲያወራ ሰማሁ። ሰውየው አብዷል፣ መንገድ ለመንገድ ይለቅማል። እኔ ግን ልጄ ሙሉ ናት እላለሁ፣ እንጀራዬን እቆርሳለሁ። የኖርኩት በሱ ነው።»

ልነግራት ነበር። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ አፌን ከፍቼ ነበር። ያን ከሰማሁ በኋላ ግን ዘጋሁት።

ሐሙስ ጠዋት ሜዳው ላይ ተገኘን። የነጂብ ቡድን ልጆች ነጭ ልብስ ለብሰው በአካፋ ጀመሩ፤ ሲቃረቡ አካፋውን ትተው በእጃቸው ይጠርጋሉ። ፋናዬ ሣጥኑን አቅፋ ከጉድጓዱ አፍ አልርቅም አለች። መጀመሪያ ጠርሙሶቹ ወጡ፣ ከዚያ ሁለቱ ጥቅልሎች። ላስቲኩ እንዳለ ነው። ገመዱ እንኳ አልላላም፤ ቋጠሮው የእኔ ነው፣ አወቅሁት።

አንደኛውን ሁለት ሰው ተሸክሞ አወጣው። ሁለተኛውን አንዱ ልጅ ብቻውን በክንዱ ይዞት ወጣ። ደንግጦ ነጂብን አየው፤ ነጂብም እኔን አየኝ። ፋናዬ ያን ጊዜ ወረቀቶቹን እያየች ነበር፤ የአማርኛ ፊደል በሚገባ ታነባለች።

«ሁለቱም አንድ ናቸው» አለች። ወረቀቶቹን ገለባበጠቻቸው። «ጋሼ፣ ሁለቱም ወለተ ማርያም ነው የሚሉት። የቷ ናት የእኔ?»

ነጂብም ቅጹን ይዞ ቀረበ። «ያ ዐሚ፣ የልጅቷ የትኛው ነው? አንዱን በልጅቷ፣ አንዱን በሚስትህ ልጻፍ። ያላ፣ ገና ሠላሳ መቃብር አለብኝ።»

ተናድጄ ነበር። በራሴ ላይ፣ በቆርቆሮዬ ላይ፣ በእነዚያ ሁለት ወረቀቶች ላይ። «ሜሮን» ብዬ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ወረቀቱ ራሱ ይናገር ነበር፤ እኔም እንድመርጥ አልገደድም ነበር። ፋናዬ ትንሿን ጥቅልል ይዛ ደንቢያ ስትገባ ታየኝ። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሣጥኑ ሲከፈት፣ ከአፅም ይልቅ ጨርቅና የትምህርት ቦርሳ። ከዚያ በኋላ ፋናዬ መንገድ ለመንገድ ትለቅማለች።

የኔነሽን አየኋት። ላስቲኩን ማለቴ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬያት ኖሬ አንድ ቀን እንኳ «እሺ፣ አገርሽ እንግባ» አላልኳትም።

«ትልቁ» አልኩ። «ትልቁ ጥቅልል ሜሮን ናት።»

ነጂብ የብዕሩን ክዳን ከፈተ። ክብደቱን አይቷል፤ ልጅ አይደለም፣ በሺህ የሚቆጠር አንሥቷል። ትንሿን ጥቅልል አየ፣ ፋናዬን አየ። «ኻላስ፣ ያ ዐሚ። አንተ ያልከው ነው» አለና ጻፈ።

አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር። የኔነሽ አንገት ላይ የእናቷ የብር መስቀል አለ፤ ፋናዬ በደንብ ታውቀዋለች። «ወረቀቱን ጥላው ሥር ወስደህ አስፈርማት» አልኩት ለነጂብ። ይዟት ሄደ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ተንበረከክሁና የራስጌውን ቋጠሮ ፈታሁ።

ያየሁትን ለራሴ አኖራለሁ። ማተቡ በጣቴ ሲነካ ብጥስ አለ። መስቀሉን ኪሴ ከተትኩ። «የኔነሽ፣ አገርሽ ልትገቢ ነው፤ በሰው ስም ነው፣ ማዐሌሽ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት። ከዚያ ቋጠሮውን መልሼ አሠርሁ። ለዚህ ሁሉ የነበረኝ ጊዜ አንድ ወረቀት የሚፈረምበት ያህል ነው፤ የሃያ ሁለት ዓመት ትዳሬን የተሰናበትኩት በዚያች ነው።

ፋናዬ ስትመለስ በእግርጌ በኩል ተቀመጠች።

«ፊቷን አልይም» አለች። «አልችልም። እግሯን ብቻ ያሳዩኝ።»

ፈታሁላት። አውራ ጣቶቹ እንደ ሥርዓታችን በነጭ ክር ታስረው ነበር፤ ክሩ እንዳለ አለ። ሁለት እግር። ፋናዬ በሌባ ጣቷ አንድ፣ ሁለት ብላ ነካቻቸው። ከዚያ ግንባሯን አፈር ላይ ደፋችው።

«ሙሉ ናት» አለች። «እውነትዎን ነበር። ሙሉ ናት። ጋሼ፣ ሁለት ዓመት ተጠራጥሬዎት ነበር፣ ይቅር ይበሉኝ።»

እጄን ስማ ለቀቀችኝ። «እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ» አልኳት።

አፅሙን እሷና የነጂብ ልጆች፣ ራሱ እንደተሸፈነ፣ ወደ ሣጥኑ አዛወሩት። እኔ ትንሿን ጥቅልል ታቅፌ የነጂብ ፒካፕ ላይ ወጣሁ። ፋናዬ «ከየኔነሽ ቀብር ሳልቆም አልሄድም» ብላ አብራን መጣች። መካነ መቃብራችን ግማሹ ፈርሷል፤ ኒሙ ግን ቆሟል። ቆርቆሮዬም በጥይት ሦስት ቦታ ተበስቶ በሩ ላይ ተሰቅሏል፤ አሁንም ይነበባል።

ካህን የለም። አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። ጥቅልሏን በየኔነሽ ቦታ አስገባኋት። ፋናዬ ሣጥኗን ጥላ ሥር አስቀምጣ፣ በሁለት እጇ አፈር ዘግና ወደ ጉድጓዱ ቀረበች።

«የኔነሽ እናቴ፣ ልጄን አሳድገሽልኛል። እናቷ አንቺ ነበርሽ እንጂ እኔ አልነበርኩም። አፈሩ ይቅለልሽ» አለችና አፈሩን በገዛ ልጇ ላይ በተነችው።

ኒሙን ተደገፍኩ። እሷ ለሚስቴ ያዘንኩ መስሏት ትከሻዬን ደባበሰችኝ። «አይዞዎት፣ አይዞዎት» ትለኛለች። ሞት ቢመጣ ኖሮ ያን ሰዓት እሺ እለው ነበር።

አፈሩ ሲሞላ የብረቱን መስቀል ተከልኩ። የቀለም ጣሳዬን ስከፍት አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

«ጋሼ፣ ለዛሬ እንኳ ‘የኔነሽ’ ብለው ይጻፉላት። ኮሚቴው አልቋል፣ ማን ይቆጣዎታል? የእኔዋ ሁለት ዓመት ያለ ስሟ ተኛች። እሷ ደግሞ ለዘለዓለም አትተኛ።»

«አልጽፍም።»

«ለሚስትዎ?»

ምን ብዬ ልጻፍ? «የኔነሽ» ብጽፍ ሜሮን ላይ የሰው ስም እጭንባታለሁ። «ሜሮን» ብጽፍ እናቷን እገድላለሁ። ሃያ አንድ ዓመት ሰው የረገመው ሕጌ ያን ቀን የሚደብቀኝ ጥግ እሱ ብቻ ሆነ። ደንቢያም ቄሱ ወለተ ማርያም ይላል፤ እዚህም ወለተ ማርያም ነው። በእግዜር ፊት አልዋሸሁም፤ ለሰው ግን ምን እላለሁ?

«እግዜር የኔነሽ አያውቅም!» ብዬ ጮኽኩባት።

ፋናዬ ተነሣች። ጉልበቷ ላይ ያለውን አፈር አራገፈች። እጄን የሳመችው ሴት በዚያው ቀን እንደዚያ ዓይን ታየኛለች ብዬ አላሰብኩም ነበር።

«እርስዎን ራስዎን ያውቅዎት እንደሆነ እንጃ» አለችኝ። ሣጥኗን አንሥታ ወደ ፒካፑ ሄደች፤ ነጂብ አውቶቡስ ተራ ሊያደርሳት ነው። የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ሣጥኑን ጭኗ ላይ አደረገችው፤ ሁለት እጇን ከላዩ አስተቃቅፋ መንገዱን እያየች ሄደች። እኔን ዞር ብላ አላየችኝም። ሣጥኑን ግን እስኪሰወር ድረስ አየሁት።

ከዚያ ወደ ኒሙ ተመለስኩ። ወለተ ማርያም ብዬ ጻፍኩ፣ ቀኑንም ጻፍኩ። የብሩን መስቀል ከኪሴ አውጥቼ ትንሽ ከያዝኩት በኋላ ከራስጌዋ አፈር ምሼ ቀበርኩት፤ ኻልቱዋ የሰጠቻት ይሁን። ለእኔ በተተወው ቦታ ላይ ከጎኗ ተቀመጥኩ።

«ሜሮን» አልኳት፤ ስሟን ጮክ ብዬ ስጠራ ከሁለት ዓመት ከአምስት ወር በኋላ የመጀመሪያዬ ነው። «ዐሞ ሕግ ነኝ። እናትሽ ደህና ናት፣ አገር እየገባች ነው።»